ቄጠማ እየጎዘጎዝን ረግረግ እንረግማለን

ነገር ሲበላሽብን የምንጠራው አንድ ሥፍራ አለን። ድህነቱ ሲጸናብን «የድህነት አረንቋ» እንላለን። ጦርነቱ መውጫ ሲያጣ «የጦርነት ማጥ» ይሆናል። ፖለቲከኛው ተቀናቃኙን ማጥላላት ሲፈልግ «አገሪቱን ረግረግ ውስጥ ዘፈቃት» ይላል፤ ጋዜጣውም ቃሉን እንደ ወረደ ያትመዋል። ከቋንቋችን ውስጥ ለረግረግ አንድ ደግ ቃል ፈልጉ ብትባሉ ብዙ የምትደክሙ ይመስለኛል።

እንግዲህ ይኸው የተረገመ ሥፍራ በዐውደ ዓመት ዋዜማ ምን እንደሚሰጠን እንመልከት። ወለላችን ላይ የሚጎዘጎዘው፣ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የሚነሰነሰው ቄጠማ የሚበቅለው ውሃ ከሚተኛበት መሬት ነው። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች እየዘፈኑ የሚነቅሉት እንግጫም የቄጠማ ዘመድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቄጠማውን ከመንገድ ዳር ሲገዛ «ይኼ ብቻ? እስቲ ጨምሪበት» ብሎ ይከራከራል፤ ከየት ጨፌ ታጭዶ እንደመጣ ግን አይጠይቅም። ልጁን ቤታችን አስገብተን እናቱን ከደጅ እንሰድባለን ማለት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። ዳሩ ግን ቃል መሬት ያስነጥቃል። «ጠፍ ነው» የተባለ መሬት ጠበቃ የለውም። «ባዶ ነው» የሚለው ቃል ከማረሻውም፣ ከቡልዶዘሩም፣ ከባሕር ዛፍ ችግኙም ቀድሞ ይደርሳል፤ እነዚያ የሚመጡት ቃሉ መንገዱን ከጠረገላቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ክርክሬ ከዚህ ቃል ጋር ነው። ረግረግ ባዶ አይደለም። ባዶ የሚመስለው ነዋሪዎቹ መደበቅ ስለሚያውቁ፣ እኛ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስለማናውቅ ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ ያላየነውን ሁሉ «የለም» ብለን በማኅተም ማጽናታችን ነው።

ይህን ለማስረዳት ሰሜን ሸዋ፣ ሰላ ድንጋይ ይበቃኛል። ሰላ ድንጋይ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በታሪክ ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት፣ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ፣ የተቀመጡባት ቦታ ናት። ታሪክ የሚወድ ሰው ስለ እመቤቲቱ፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ብርዱ ሲያወራ ያመሻል። ከኮረብቶቹ መካከል ውሃ ስለሚተኛባቸው ዝቅ ያሉ ሜዳዎች የሚያነሣ ግን አላጋጠመኝም። እነዚህ ሜዳዎች ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣሉ፤ በጋውን ጠብ ጠብ እያደረጉ ይለቁታል። የለቀቁት ውሃ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለ ዓባይ ስንዘፍንና ስንገጥም የኖርን ሰዎች ነን፤ በበጋ ጅረቶቹን ከመድረቅ የሚያቆየው እርጥብ ሜዳ ግን በከተማ ወሬያችን ውስጥ ስም እንኳ የለውም።

ስለ አንዱ ሜዳ አንድ የመሬት ጉዳይ ሠራተኛ ጠይቄ ነበር። «እሱማ ጠፍ ነው» አሉኝ። «ምንም የለበትም። ወጣቶች ተደራጅተው ባሕር ዛፍ ቢተክሉበት ይሻላል።»

«ገብተውበት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ምን ልሠራ?»

ሰውየው ክፉ አይደሉም። ቢሯቸው የሞላው መሬት በሚጠይቁ ወጣቶች ማመልከቻ ነው። ነገር ግን «ምን ልሠራ?» ያሉት ሰው «ምንም የለበትም» ለማለት ምን መብት አላቸው? ፍርድ ቤት እንኳ ያላየውን አይመሰክርም።

እኔ ዳሩ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልናገር። መቀመጥ ራሱ ዘዴ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ውርጩ ከሣሩ ሳይለቅ፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ጀርባን ሰጥቶ መቀመጥ ነው። ነጭ ጋቢ አይሆንም፤ ጠቆር ያለ ካፖርት ይሻላል። ዐይን የሚተከለው ከረዥሙ ቄጠማ መሐል ሳይሆን፣ ረዥሙ ቄጠማ አልቆ አጭሩ ሣርና ጭቃው ከሚጀምርበት መስመር ላይ ነው። የረግረግ ወፍ ምግቧን ፍለጋ ብቅ የምትለው እዚያ ነውና፤ መሸሸጊያዋም ከዚያ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ ዝም ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ምንም የለም። ግማሽ ሰዓት ምንም የለም። ሰውየው እውነታቸውን ይሆን እንዴ ለማለት የሚቃጣው በዚህ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ነው። የዛገ የበር ማጠፊያ የመሰለ፣ ከሁለት አቅጣጫ የሚቀባበል ጩኸት። ቀጥሎ የሚመጣው ጭራ ነው። ወፏ ጭራዋን ወደ ላይ ሸርተት ስታደርግ ከሥሩ ያለው ነጭ ላባ ብልጭ ይላል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ብልጭ ይላል። ከላይ ቡናማ ናት፤ ከደረቷ እስከ ሆዷ አዲስ የተተኮሰ ሸክላ ትመስላለች። ከጫጩት ትበልጣለች፤ ከዶሮ ታንሳለች። አጠገቤ የነበረ እረኛ «የውሃ ዶሮ ናት» አለኝ፤ ምን እንዳስገረመኝ ሳይገባው።

አንባቢዬ፣ ይህች «የውሃ ዶሮ» በሳይንስ ስሟ ሩዠቲየስ ሩዠቲ ትባላለች። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር የትም አትገኝም። ለመጥፋት አደጋ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን፣ ጭላዳን የዚህች አገር ልጆች ናቸው ብለን የምንኮራ ከሆነ፣ እሷም በዚያው መዝገብ ላይ የምትቆም ናት። ከባሌ ተራሮች ላይ፣ ሰው በማያሳድዳት ቦታ፣ ከመንገደኛ ፊት እየተንጎራደደች ስትለቅም ትታያለች። እንግዲህ ድብብቆሹ ሁሉ ከተፈጥሮዋ የመጣ አይመስለኝም፤ ከፊሉን ያስተማርናት እኛ ነን።

ሲመሽ ደግሞ ሌላ ነዋሪ አለ። ከጨለማው ሰማይ የሚወርድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰማል። ከጉሮሮ የወጣ አይደለም። ረዥም መንቆር ያላት የረግረግ ወፍ ከላይ ቁልቁል ስትወረወር የጭራዋ ላባ ከአየር ጋር ሲፋተግ የሚፈጥረው ነው። ወፏን ቀን ብትፈልጓት ሣሩን መስላ ስለምትተኛ እግራችሁ ሥር እስክትነሣ አታዩአትም። «ምንም የለበትም» በተባለው ሜዳ ላይ በአንድ ጠዋትና በአንድ ምሽት ያገኘሁት ይህን ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ሁለት ወፍ አየህ» የሚለኝ አይጠፋም። ለእሱ ከሰላ ድንጋይ ወጥቼ፣ «የለም» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳይ ታሪክ ልንገረው። ታሪኩ የተፈጸመው ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ነው።

ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት የረግረግ ወፍ አለች። የሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይረሲ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «መጥረጊያ ጭራ» እንደማለት ነው። በ1877 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀችው ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና ነበር። በአገራችን እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሱሉልታ ላይ ተመዝግባለች። ከዚያ ወዲያ ለአርባ ዓመት ያህል አየሁ የሚል ጠፋ። አርባ ዓመት! ሱሉልታ እኮ ከእንጦጦ ጀርባ ናት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት ሺህ ሰው በዚያ መንገድ ወደ ጎጃም ተመላልሷል? በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ሰዎች ቦት ጫማ አጥልቀው በክረምት ሲፈልጓት ግን ተገኘች። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሆለታ ወዲያ፣ በርጋ በሚባለው ሜዳ ላይ ተገኘች፤ እዚያ እንደምትፈለፍልም ተረጋገጠ። ወፏ የትም አልሄደችም ነበር፤ ቦታው ያልነበርነው እኛ ነን።

እኛ ብቻ ነን እንዳልል ፈረንጆቹም ተሳስተዋል። ለብዙ ዘመን የታመነው ወፏ በክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ትፈለፍላለች፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ግን እንግዳ ናት፣ እዚያ አትራባም የሚለው ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘር ምርመራ የሁለቱ አገር ወፎች አንድ ወገን መሆናቸውን አሳየ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚደልፑንት በተባለው የደቡብ አፍሪካ ረግረግ ውስጥ ማንም ሳይኖር በራሳቸው የሚያነሡ ካሜራዎች ተተከሉና ወፏ እዚያም እንደምትራባ ተገለጠ። ድምፅዋ የትኛው እንደሆነ እንኳ በርግጥ የታወቀው ከዚህ ወዲህ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እነሱ «የለም» ብለው አልተኙም፤ ካሜራ ተከሉና ጠበቁ። ዛሬ ባለሙያዎች በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ወፎች ከ250 አይበልጡም ብለው ይገምታሉ፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እጅግ አስጊ በሆነው የመጥፋት ደረጃ ላይ ተመዝግባለች። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ደግሞ ዛሬ ፋብሪካና የመኖሪያ ቤት እየተስፋፋ ነው። ከመሠራቱ በፊት ቦታው ምን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን ታውቁታላችሁ፦ «ባዶ ሜዳ።»

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ሕዝብ መሬት አጥቶ ስለ ወፍ ታወራለህ?» ይለኛል። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። የሰላ ድንጋይ ወጣት ከአባቱ የሚካፈለው መሬት የለውም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ገንዘብ ያወጣል። ግን እስቲ ነገሩን እንደ ገበሬ እናስላው። ረግረጉ ኮረብታው ሁሉ ደርቆ ከብቱ አጥንቱ በሚቆጠርበት ወራት ለምለም ሣር ያለበት ብቸኛ ቦታ ነው። ድርቆሹ የሚታጨደው፣ ምንጩ የሚጠበቀው በእሱ ነው። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲለቅ፣ ባሕር ዛፉም የቀረውን ሲመጥጠው፣ ጥቅሙ የሚሆነው ለተከሉት ለጥቂቶቹ ነው፤ ጉዳቱ ግን ላም ላለው ሁሉና ከታች ሆኖ ከጅረቱ ለሚቀዳ ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ ጠቡ በሰውና በወፍ መካከል አይደለም። ጠቡ ቀድሞ ባጠረውና በጋራ ሲጠቀም በኖረው መካከል ነው። ወፏን ወደዚህ ክርክር ጎትተው የሚያስገቧት ጠቡን ለመሸፈን ነው።

ሰውና ወፍ አብረው መኖር ይችሉ እንደሆነ የሚጠራጠር ወደ በርጋ ይሂድ። እዚያ የአካባቢው ሰዎች የወፍ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመዋል። ከብቶቹ በመፈልፈያው ወቅት ከጨፌው እንዲርቁ፣ ሣሩም በጊዜው እንዲታጨድ ተመካክረዋል። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አብሯቸው ሠርቷል፤ ከደቡብ አፍሪካም በመጣ ድጋፍ ትምህርት ቤት ተሠርቶላቸዋል። የበርጋ ልጅ ፊደል የቆጠረው ጭብጥ በማትሞላ ወፍ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በርጋ ችግር የለበትም አልልም፤ ግጦሹም እርሻውም ይገፋል። ነገር ግን ጨፌው «ጠፍ» መባሉ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር በሰው ወግ የሚካሄድ ክርክር ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ለእሱ መልሱ ከሰላ ድንጋይ ሩቅ አይደለም፤ መንዝ ነው። የጓሣን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረው ፈረንጅ አይደለም፤ የመንዝ ባላገር ነው። ቄሮ በተባለው ሥርዓት ጓሣው ለዓመታት ይዘጋል፤ ማጨጃው ሲደርስ ይከፈታል፤ ቃል ያፈረሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ተናጋ እንጂ ሐሳቡ አልሞተም፤ ዛሬ ጓሣ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ጨፌንም ብንወስድ የኦሮሞ አባቶች ተሰብስበው ሕግ የሚመክሩት በጨፌ ላይ ነበር፤ የኦሮሚያ ምክር ቤት ዛሬም «ጨፌ» ተብሎ ይጠራል። አረንቋ ብለን የሰደብነውን መሬት ሌላው ወገናችን የሸንጎ ስም አድርጎታል። ሜዳን ማክበር ከውጭ የመጣብን አይደለም፤ ከውጭ የመጣብን ንቀቱ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው ወገን ወዳጄ ነው፤ ስለዚህ አልምረውም። ይህ ወፍ ወዳድ ነኝ ባዩ ነው። መነጽርና ውድ ካሜራ አንግቶ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ስላለበት መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ለእረኞች ሳንቲም ሰጥቶ በረድፍ ያሰልፋቸውና ወፏን ከቄጠማው ያስነሣታል፤ ወይም በስልኩ የቀዳውን ጩኸት ደጋግሞ ያሰማታል። ወፏ ባላንጣ የመጣባት መስሏት እንቁላሏን ትታ ትወጣለች። እሱ ፎቶውን ያነሣል፤ በዝርዝሩ ላይ አንድ ምልክት ያደርጋል፤ ይሄዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው የመፈልፈያ ወቅት ከሆነ ደግሞ የተሰለፈው እግር ምን እንደረገጠ ማን ያውቃል? ለጥናት የሚደረግ ቆጠራ ሥርዓትና ኀላፊነት አለው፤ ይህ ግን አደን ነው፤ የሚለየው ጥይት ስለሌለው ብቻ ነው። የመሬት ጉዳይ ሠራተኛውና ይህ ሰው ጠላት ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሁለቱም መጠበቅ አይፈልጉም። አንዱ ሳያይ «የለም» ይላል፤ ሌላው «አለ» ለማለት ሲል እንዳትኖር ያደርጋታል።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ማንኛውም ረግረግ ለግለሰብም፣ ለማኅበርም፣ ለባለሀብትም ከመሰጠቱ በፊት ይቆጠር። በክረምትም በበጋም፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ፣ የወረዳው ሰው ከእረኛና ከአንድ የባዮሎጂ መምህር ጋር ሆኖ ይቁጠር። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎቹን ቦት ጫማ አልብሶ መላክ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ወጪው የአንድ አውደ ጥናት ምሳና የውሎ አበል አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ባሕር ዛፉ ከጨፌው ይውጣ። ኮረብታው ይበቃዋል። ለወጣቶቹ የሚሆን መሬት ሲፈለግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ለምን ሁልጊዜ የጋራው ሜዳ ይሆናል? የጋራ የሆነው የማንም ስላልሆነ? የጓሣ ባላገሮች ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመታት በፊት መልሰውታል።

ሦስተኛ፣ በመፈልፈያው ወራት ሜዳው ከግጦሽም ከጎብኚም ይዘጋ፤ የሚዘጋውም በአዲስ አበባ በተጻፈ ደብዳቤ ሳይሆን በሰላ ድንጋይ ሽማግሌዎች ቃል ይሁን። ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አያልፍም፤ የሽማግሌ ቃል ግን የከብቱን እግር ይይዛል።

ለእኛ ለከተሜዎቹም አንድ ነገር አለኝ። «አረንቋ» የሚለውን ቃል ተዉት ብዬ ቋንቋ አላርምም፤ ቋንቋ በትእዛዝ አይታረምም። ነገር ግን በሚመጣው ዐውደ ዓመት አንድ እቅፍ ቄጠማ ስትገዙ ሻጯን ከየት እንዳመጣችው ጠይቋት። ቦታውን ትነግራችኋለች። ዓምና ከነበረው ዘንድሮ ራቀ እንደሆነም ጠይቋት። ለምን እንደራቀ ከእኔ አሳምራ ታስረዳችኋለች።

የመሬት ጉዳይ ሠራተኛውም ሆኑ ከእሳቸው በላይ ያሉት ሁሉ ከእንግዲህ «ጠፍ ነው» ብለው ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይቅረብላቸው፦ ስንት ጠዋት ተቀመጡበት?